የኋላው ቆጣሪ

ማታ ሦስት ሰዓት፣ ዳንግላ መብራቷ ሲጠፋ፣
ሰባት ሆነን ወጣን፣ በአንድ ባትሪ ተስፋ።
ባትሪው የይርሳው ነው፤ ከመሪው ላይ በክር የታሰረ፣
ጉድጓድ ባገኘ ቁጥር አንገቱን የሰበረ።

ለኔ የደረሰኝ ጭራ መሆን ነበር፣
ሰው እንዳይጎድልብን ከኋላ መቁጠር።
ጨረቃ የለችም፤ በዓይን አይቆጠርም።
በጆሮዬ ያዝኳቸው፦
የአንሙት ፓራፋንጎ እንደ ጣሳ ሲንኳኳ፣
የሽባባው ካቴና ዘይት አምሮት ሲያላዝን፣
ልየው ያፏጫል፤ ዳገት ላይ ግን ዝም።
ባንቻየሁ ድምፅ የላትም፤
የቤት ቁልፏ ብቻ ከኪሷ ሲንሿሿ፣
ለማንም ሳትነግር የቆለፈችው ቤት፣
"አለች" እላለሁ፣ አልፋለሁ።

ጋሽ አበጁ በሳል።
ሠላሳ ዓመት ሙሉ የሰው ጎማ ሲያሽሩ፣
ከሱቃቸው በረንዳ ርቀው ያላደሩ።
"ባሕር ይሉታል" ይላሉ፣ "እኔ ግን አላየሁት፤
ወደዚያ የሚሄድ ጎማ ስንቱን ነፋሁት!"

ዱርቤቴ ውሻ ነው።
ሌላ ምን እንዳላት እንጃ፣ ከተማዋን አላየኋት፤
እግሬን ወደ ላይ ሰቅዬ በጩኸት አለፍኳት።

ከዚያ ወዲያ፣ ጧ! የልየው ጎማ።
ከኛ ሌላ ማንም አልሰማ።
ኅዳር ነው፤ ብርዱ ጥፍር አለው፤
የዳጉሳው ማሳ ጨለማ ላይ ጨለማ።
ባትሪው ደክሟል። ጋሽ አበጁ "አጥፉት" አሉ።
ከመነዳሪውን ወደ ጉንጫቸው አስጠጉ፣
ቀዳዳውን በቆዳቸው ፈለጉ፣
የተኛ ሕፃን ትንፋሽ እንደሚያዳምጥ ሰው።
"ይኸውና" አሉ። ሳያዩ ለጠፉት።

የግልገል አባይ ድልድይ ላይ ወረድን።
ከሥራችን ውሃው ይሄዳል፣ እኛም ወደምንሄድበት፣
ፔዳል ሳይረግጥ፣ ያለ አንዲት መብራት።
"ይሄ ይቀድመናል" አለ አንሙት።
ባንቻየሁ የዳቦ ቅርፊት ጣለችለት፤
"መምጣታችንን ንገር" አለችው፣
እንደ ጎረቤት ልጅ ላከችው።

ወተት አባይን አልፈን ቆጠርኩ። ስምንት።
ደግሜ ቆጠርኩ። ስምንት።
ሰው ሲጎድል ምን ብዬ እንደምጮኽ ተነግሮኛል፤
ሲተርፍስ ማን ይጮኻል?

ጎኔ መጣ ስምንተኛው፣ በላስቲክ ጫማ፣
ከኋላው ሁለት የወተት ጄሪካን ግራና ቀኝ፤
ዶሮ ሳይጮኽ መራዊ፣ ጎሕ ሲቀድ ባሕር ዳር፣
ሌሊት ሌሊት፣ ያለ ባትሪ፣ ያለ ቆጣሪ የሚበር።
"ወዴት ናችሁ?"
"ባሕር ልናይ።"
"ምነው? ደረቀ እንዴ?" አለና
ሳቃችንን ሳይጠብቅ ቀድሞን ሄደ።
ወተቱ ሲንቦጫቦጭ እስከ ኩርባው ሰማሁት፤
ራቀ፣ ጠፋ፤ ከቁጥሬ ግን አላወጣሁት።

ከመራዊ ወዲያ ያለውን አትጠይቁኝ።
እግሬ ይዞራል፣ እኔ ተኝቻለሁ።
አንድ ጊዜ ዛፍ ቆጠርኩ፤
ይቅርታ ጠይቄ ተውኩት።

ባሕር ዳር ሲነጋ ደረስን። ባሕሩ የለም።
ከዘንባባው ወዲያ ጉም፣ ከጉሙ ወዲያ ጉም፣
ደንገሉ እንኳ ወገቡ ድረስ ተበልቷል።
ሽባባው ተቆጣ፣ ብስክሌቱን ጣለ፦
"ሌሊቱን ሙሉ ለጉም ነው የረገጥነው?"
ይርሳው ሳቀ፤ ልየው ቁጭ እንዳለ እንቅልፍ ወሰደው።
ባንቻየሁ ጫማዋን አውልቃ
ደንገሉን እየገለጠች ቅርፊቷን ፈለገች።

ጋሽ አበጁ ግን ምንም አላሉም።
ድንጋዩ ላይ ተንበረከኩ፣
ኮፍያቸውን አወለቁ፣
ጉንጫቸውን ወደ ውሃው አስጠጉ።
ቆዩ።
"ይተነፍሳል" አሉ።

ልቁጠር ብዬ ጆሮዬን አቀናሁ።
ፓራፋንጎው ተኝቷል፣ ካቴናው ዝም፣ ሳሉም አቁሟል፤
ነጭ ውስጥ ነን፣ በምን ልያዛቸው?
ያን ጊዜ ከጉሙ ማዶ፣ ከሰፈሩ በኩል፣
አንድ የማውቀው ድምፅ
"ወተት! ወተት!" እያለ በር ሲያንኳኳ ሰማሁ።

ስምንት።