ግልባጭ

ኦቲያ ደወለ፣ እሑድ ከቀትር በኋላ፣
ባቱሚ ላይ ዝናብ ሲወርድ ያላንዳች መላ።
«ና እስቲ ቫርላም፣ ላፕቶፔ ታማለች፤
ስከፍታት ታቃስታለች፣ ስዘጋት ትጮኻለች።»

ሄድኩ። ወደቡ ዳር፣ ስድስተኛ ፎቅ፣
ሊፍቱ ሳንቲም ካልጎረሰ ከሰው የማይታረቅ።
ሃያ ቴትሪ አጎረስኩት።
ጠረጴዛው ላይ የመንደሪን ልጣጭ፣ ቅባት የጠጣ ጨርቅ፣
በመሀል እሷ፣ ማራገቢያዋ ሲንቋቋ።

«ጠርገን ከዜሮ ነው የምንጭነው» አልኩት፤
ፊቱ ላይ የሆነ ነገር ሲጠቁር አየሁት።
«ሁሉን?»
«ሁሉን። ቤት ሲፈርስ ዕቃ አስቀድሞ ይወጣል፤
የምትፈልገውን ንገረኝ፣ የቀረው ይቀራል።»
«የምፈልገውንማ ባውቅ…» አለና ዝም አለ፤
ዐይኑ ከፎልደር ፎልደር ተንከባለለ።

አዲስ ፎልደር። አዲስ ፎልደር ሁለት። አርባ ሰባት።
አንዱ በሌላው ሆድ፣ እንደ ሽንኩርት፣ ማለቂያ የሌለበት።
«የመጨረሻ»፣ «የመጨረሻ ሁለት»፣ «እውነተኛው የመጨረሻ»፤
ጨርሶ ለማያውቅ ሰው ይኼም አንድ መድረሻ።
ሦስት መቶ ዐሥራ አንድ ድምፅ፣ ሁሉም የጀልባ ሞተር፤
ወደቡ ላይ ሠላሳ ዓመት ሲጠግን ያደመጠው ነገር፦
«ጤነኛው»፣ «ሳል የያዘው»፣ «የሙርማን፣ ከመስጠሟ በፊት»።
አንዱን ከፈተና «ቫልቩን ስማ!» አለኝ፣ እንደ ሰው በሠርግ ቤት።

ዲስኩን ሰካሁ። ገልብጥ ብዬ አዘዝኩ።
(ገልብጥ ማለት ደግ ቃል ነው፣ አንዱን ሁለት ያደርጋል፤
አንዳንዴም ከታች የተኛውን ወደ ላይ ያወጣል።)
«ሦስት ሰዓት ቀረው» አለ፤ ወዲያው «ዐሥር ደቂቃ»፤ ወዲያው «ሁለት ቀን»።
ኦቲያ ሳቀ፦ «ወንድሜን መሰለኝ፣ መጣሁ ሲል የማናምነውን።»

እሱ ዓሣ ሊጠብስ ገባ፣ ዘይቱ ተንጣጣ፤
እኔ ዝርዝሩን ስከተል አንድ ሰንጠረዥ ወጣ።
«ዕዳ።»
አትክፈተው አላለኝም። ከፈትኩት።
አራተኛው ረድፍ ላይ ስሜን አገኘሁት፦
ቫርላም። ስድስት መቶ አርባ ላሪ። ቀኑም አለ፤
እናቴን የቀበርን ሳምንት። ሣጥኑን የከፈለ
እሱ ነበር። አልረሳሁም። አልረሳሁም እያልኩ
ዐሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ ረስቼ ኖርኩ።
ብድር በምድር ነው፤ ምድር ግን ሰፊ፣ መሸሸጊያ የበዛባት፣
አንድ ከተማ፣ አንድ ወንበር ላይ አብሬው ስሸሸግባት።

ከስሜ ጎን ያለው ክፍል ባዶ ነው፤ ምልክት የለበት፤
ይኼን ሁሉ ዓመት ስንበላ ስንጠጣ አንድ ቃል አልወጣበት።

አንድ ጣት ነበር የቀረኝ። ከሚሄዱት ነጥሎ መተው፤
ማታ ቤቱ ሲፈርስ እሱም አብሮ ሊጠፋ ነው።
ሰርዝ የሚሉት ቁልፍ ፋይልም ይሰርዛል፣ ዕዳም፤
ቃሉ አንድ፣ ጣቱ አንድ፣ የሚያይም የለም።
«ቫርላም! ሎሚ ይጨመርበት?» አለ ከወጥ ቤት።
«ይጨመርበት» አልኩ። ድምፄ ሳል የያዘው ሞተር ዓይነት።

ዘጋሁት። ሄደ፣ ከአርባ ሰባተኛው ፎልደር ጋር።
ቆጠርኩ፤ እዚህ ስንት፣ እዚያ ስንት፤ እኩል ነበር።
ደግሜ ቆጠርኩ።

ዓሣውን በላን። ዝናቡ አላቆመም። ሌሊት ስድስት ሰዓት
ላፕቶፕዋ ተጠረገች፣ ሰማያዊ ሆነች፣ ባዶ፣ የሌላ ሰው ንብረት።
«ስምህ ማን ነው?» አለችው፣ እንዳላየችው ጎረቤት፤
በሁለት ጣቱ ጻፈላት፣ ትንሽ ቅር ብሎት።

«አንድ ግልባጭ ግልባጭ አይደለም» ብዬው ነበር፣ ሁለት ዲስክ ሞልተናል።
ሊፍቱ ጋ ሲሸኘኝ ሁለተኛውን በካልሲ ጠቅልሎታል፦
«ቤቴ ቢቃጠል፣ ባሕሩም ቢመጣ፣
ይኼ አንተ ዘንድ ይሁን፤ ካንተ ቤት ነገር አይወጣ።»

ለመውረድም ይከፈላል። ኪሴን ዳበስኩ፣ ሳንቲም አጣሁ፤
እሱ አጎረሰልኝ። በዚያች ጠባብ ሣጥን ቁልቁል መጣሁ፣
ዕዳዬን በካልሲ ታቅፌ፦
ስድስት መቶ አርባ ላሪ፣ ከሃያ ቴትሪ።