ያልተቃጠለው ፊውዝ

ባሮን ኮረብታ ላይ፣ ደረጃው ሲያበቃ፣
ነፋስ በነካው ቁጥር ቆርቆሮው ሲንቋቋ፣
አንድ የእንጨት ቤት አለ ወደ ባሕር ያዘመመ፣
የቫልፓራይሶን መርከቦች ሲቆጥር የከረመ።

ዶኛ ኤዱቪሂስ በሩን ገርበብ አድርጋ
«ኤሌክትሪሺያን ነው የጠራሁት» አለች፤
«እኔ ነኝ፤ ያስና» ስላት
የመሣሪያ ሣጥኔን አይታ፣ «እህ» ብላ አሳለፈች።
«ኢንሹራንሱ ነው እንጂ ‹አርጅቷል፣ ቀይሪው› ያለኝ፣
እኔን መብራቴ መቼ ከዳኝ!»

ኮሪደሩ ጥግ፣ ከካፖርት መስቀያው ኋላ፣
ጥቁር ሰሌዳ ላይ አራት ነጭ ሸክላ፤
ጨርቅ የለበሰ ሽቦ፣ ቢነኩት የሚረግፍ፣
የሸረሪት ድር እንደ ሌላ መስመር በላዩ የሚያልፍ።
ከየሸክላው ሥር በእርሳስ፣ ተጠንቅቆ የተጻፈ፦
ኩሽና። መኝታ። የልጆች። ራዲዮ።
(ለራዲዮ ብቻውን!)

«የኦኔሲሞ እጅ ነው። ወደብ ላይ ክሬን ነበር የሚነዳው፤
የጎረቤት ፊውዝ በተቃጠለ ቁጥር፣ ሻማ ተይዞ የሚፈለገው እሱ ነው።
የኛ ግን፣ ስሚኝ ልጄ፣ ሠላሳ አራት ዓመት
አልተቃጠለም። አንድም ሌሊት።»

ወንበር ስባ ተቀመጠች፣
ሬሳ ሲገነዝ እንደምትጠብቅ ዘመድ።
ዋናውን ከቆጣሪው አጠፋሁ፤
በቴስተር ለካሁ፤ ደግሜ ለካሁ፤
ኩሽናን በጣቴ አሽከርክሬ ፈታሁ።

መኖር የነበረበት ፀጉር የሚያህል ሽቦ ነው፣
ጭነት ሲበዛ ቀድሞ መሞት ሥራው የሆነው፤
ቤቱ እንዲተርፍ እሱ የሚያልቅ።
ያገኘሁት ግን መዳብ፣ ሚስማር የሚያህል፣ እሳት ቢመጣ የማይለቅ፣
ጫፉ በፒንሳ የተጠመዘዘ፤ ንጹሕ ሥራ፣ የሚያስደንቅ።
መኝታን ፈታሁ፦ መዳብ።
የልጆችን፦ መዳብ።
የራዲዮውን ስፈታ ግን እጄ ቆመ፤
ቀጭን፣ ልከኛ፣ ደንቡን የጠበቀ ሽቦ።
ሰውየው ያውቅ ነበር።
ያውቅ ነበር።

ሰሌዳውን ሳላቅቀው ከጀርባው ግድግዳው
መዳፍ ያህል ጠቁሯል፤
ስንት ክረምት ሲጤስ፣ ስንት ክረምት ሲበርድ ኖሯል?
እነሱ ከወዲያ ማዶ ተኝተው።

«ምነው ዝም አልሽ?» አለች።
«ሽቦው ትንሽ ወፍሮ ነው።»
«እሱም ወፍራም ነበር» ብላ ሳቀች።
ቀጥላም፣ ወደ መስኮቱ ዞራ፦
«ያ መሬት የተንቀጠቀጠ ሌሊት
እህቴን ጨለማ ውስጥ በእጄ ስዳብስ ካደርኩ ወዲህ
መብራት ሲጠፋ እጮህ ነበር።
አንድ ቀን ‹ከእንግዲህ አይጠፋም› አለኝ።
አልጠፋም።»

እውነቱ ጉሮሮዬ ድረስ መጣ።
ስንቱን ‹ሆድ ይፍጀው› ብለን ውጠናል፤ ይሄንንም ዋጥኩ፤
የጠቆረውን እንጨት ቆረጥኩ፣ ባዲስ ጣውላ ደፈንኩ፤
አዲስ ብሬከር፣ አዲስ ሽቦ፤
የመሬቱን መስመር ከጓሮዋ ሎሚ ሥር ቀበርኩ።
ሦስቱን የመዳብ ቁራጭ «አምጪ» አለችኝ፤
መሐረብ ላይ ቋጠረቻቸው።

በአራተኛው ቀን ማታ ስልኬ ጮኸ።
«ጠፋ! ማሞቂያውን፣ ካውያውን፣ ማንቆርቆሪያውን
ባንዴ ሰካሁና ጠፋ!
እሱ ቢሆን አይጠፋም ነበር።»
«አይጠፋም ነበር» አልኳት።
እስትንፋሷ ይሰማኛል። ከኋላዋ ራዲዮው ብቻ፣ በራሱ መስመር፣
ስለ ነገው ጭጋግ ያወራል።

«ካውያውን ንቀይ። ግድግዳውን ይዘሽ ሂጂ፤
ከአራቱ አንዱ ወርዷል፤ በጣትሽ ዳብሺው፤
ወደ ላይ ግፊው።»
ወለሉ ሲያቃስት፣ እግሯ ሲጎተት፤
ከዚያ ረጅም ዝምታ፤
ስልሳ ዓመት በጇ ነክታው የማታውቀው ሣጥን ፊት ቆማለች።

ጠቅ።

«በራ» አላለችም።
«የተቃጠለው እንጨት» አለች፣ «ያን ዕለት ሸቶኝ ነበር።
ደኅና እደሪ።»