ሣር ብቻ

ረቡዕ ነው፤ ዳንዲ ላይ ዝናብ በአግድም ይጥላል፣
ከወንዙ የመጣ ነፋስ የሱቁን ደወል ይመታል።
ካርቶኑን በቢላ ስከፍት፣ የቀለም ሽታ ሲወጣ፣
ምሳውን ዘሎ እንደ ጿሚ ሰዉ አንድ ባንድ መጣ።

ታርቪንደር፣ ፈተና ሳያርም ያደረ የሒሳብ አስተማሪ፤
ድሩ፣ ሁሉን ያነበበ፣ ሁሉን የጠላ ተናጋሪ፤
ኢሾቤል፣ የጥርስ ሐኪም፤ የሰው አፍ ማስከፈት ሥራዋ፣
እዚህ ስትመጣ ግን አልዘጋ የሚል የገዛ አፏ።
ኋላ ደግሞ ሩሪ፣ የአውቶቡስ ሾፌር፣
እረፍቱ ሃያ ደቂቃ፣ ነገሩ ከሰላምታ የማያልፍ ነበር።

«የሌሊት ፖስተኛ» ቁጥር ዘጠኝን ድሩ በሁለት ጣት አነሣ፣
እንደ ሞተ አይጥ ጅራት፤ «ይሄ ታሪክ ነው ወይስ ሬሳ?
ሦስት ወር ሙሉ አንድ ደብዳቤ! በር ያንኳኳል፣ ይሄዳል፤
ባለቤቱ ቢከፍትለት ደራሲው ምን ይጎዳል?»

«ተው እንጂ፣ ጥላውን እየው» አለች፣ «በበሩ ሥር ሲያልፍ፣
ከሰውየው ቀድሞ ሲገባ! እንዲህ ያለ ሥዕል ለመንደፍ
እጅ ብቻ አይበቃም።»

«ካፒቴን ዝገት»ን ታርቪንደር ከአሥር አምስት ተኩል ሰጠው፤
«አምስቱ ለመርከቧ ነው፤ ለሱ ግማሿም በዛችው።»

ከዚያ ወደ ዋናው መጣን፤ «ጉበኛዋ»፣ ቁጥር አርባ አንድ፤
ወር ሙሉ እንቅልፍ ያሳጣን፣ ግንቡ ከነእሷ ሲናድ።
ሞተች? ተረፈች? እያልን ገጹን ብንገልጥ ብንገልጥ፣
ጭስና ፍርስራሽ፣ አንድ ውሻ ወዲያ ወዲህ ሲሮጥ።
መጨረሻው ገጽ ላይ ደግሞ ቃል የለ፣ ሰው የለ፤ ሜዳ፤
ሣርና ቀይ አበባ፣ የተከማቸ እንደ ተረሳ ዕዳ።

«አራት ፓውንድ ለከብት መኖ!» ድሩ ጠረጴዛ መታ።
«ሠዓሊው ቀኑ መሽቶበት ነው» አለች ኢሾቤል ተቆጥታ።
ታርቪንደር አበባ ቆጠረ፤ «ሁለት መቶ አሥራ አንድ ሆነ፤
ለማንም የማይካፈል ቁጥር!» ብሎ እንደ ነቢይ ጀነነ።
እኔማ የኅትመት ስሕተት ነው ብዬ፣ ብዕር አንሥቼ፣
ለአከፋፋዩ ልጽፍ ነበር፣ ሠላሳ ቅጂ ከምሬ ትቼ።

ሩሪ ሰዓቱን አየ። ኮፍያውን ደፍቶ ሊወጣ
እጀታውን ይዞ ሳለ፣ ድምፁ ቀጥኖ መጣ፦

«ተኝታለች እኮ።»

«ማን?»

«እሷ ናታ። በግራ ጎኗ፣ ክንዷን ተንተርሳ።
ጫማዋ አንዱ ወልቋል። ምነው፣ አይታያችሁም?»

ገጹን ወደ መብራቱ፣ ወደ መስኮቱ አዞርነው፤
ዓይናችንን አጠበብን፤ ሣር ነው፤ አበባ ነው።

ሩሪ ፊቱ ቀላ፤ መቅላቱን ግን እሱ አያውቅም።
«እኔ» አለ፣ «ቀይና አረንጓዴ ከልጅነቴ አልለይም።
የመንገዱን መብራት የማውቀው በቦታው ነው፦
ላይኛው ቁም፣ ታችኛው ሂድ።
እናንተ አበባ የምትሉት
ለኔ ጠቆር ያለና ፈዘዝ ያለ ነው፤
ጠቆር ያለው እሷ ናት።»

ሁሉን የሚጠላው ድሩ ያን ጊዜ ገጹን ነጠቀ፤
ከጓዳ ያለው አሮጌ ፎቶ ኮፒ አቃሰተ፣ ተነቃነቀ።
ማሽኑም ቀለም አያውቅ፤ ጥቁርና ነጭ ነው ዓለሙ፤
ወረቀቱን ቀስ ብሎ ሲተፋው ራሶቻችን ተጋጠሙ።

መጀመሪያ ጉልበቷ፤ ቀጥሎ የተበተነ ጸጉሯ፤
ቀጥሎ ያ ባዶ እግሯ።

ኢሾቤል አፏን ገጠመች።
ከአሥር ስንት ብሎ ታርቪንደርን የጠየቀ የለም።
ድሩ ብቻ፣ ለራሱ እንደሚናገር፣
«ጫማዋ አንዱ ወልቋል» አለ፤
ቆይቶም ሌላ ቅጂ ገዛ፣ ለማን እንደሆነ ሳይነግረኝ።

ሩሪ አልቆየም፤ ሃያ ደቂቃው አልቋል።
ብዕሬን ክዳኗን መለስኩና በመስኮት አየሁት፤
አውቶቡሱ መስቀለኛው ላይ፣ ዝናቡ ውስጥ ቆሞ።
ላይኛው ጠፋ።
ታችኛው በራ።
ሄደ።