ከፎቶው ሥር ያለችው

አቶ ይርዳቸው መጡ፣ ዓርብ ዕለት በጠዋት፣
በእጃቸው አራት የታጠፈች ወረቀት፣
በሰረዝ፣ በነጥብ፣ በቁጥር ታጭቃ፣
በሰማያዊ ቢክ ተጽፋ፣ ደቃቃ።

«ልጄ፣ ይኸን አድራሻ የጻፍሁት አምና ነው፤
እዚሁ አራት ኪሎ፣ ፎቶውን አይቼው።
ዘንድሮ ስከፍተው ‹አልተገኘም› ይላል።
ፎቶ እንደ ተከራይ መቼ ቤት ይለቃል?»

ፎቶው የአባታቸው ሰዓት መጠገኛ፣
ዶሮ ማነቂያ ላይ፣ በግራ ሁለተኛ፤
በሩ ላይ ቆመዋል መነጽር አጥልቀው፣
ከኋላቸው ሰዓት፣ አንዱ ካንዱ ማይገጥመው።

ሱቁ የለም ዛሬ። ሰፊ መንገድ ሆኗል፣
የብስክሌት መስመር፣ ዘንባባ ተተክሏል።
አንዱ ግን አሁንም «ሰዓት ቤቱ ጋ ወራጅ!» ሲል
ረዳቱ «የቱ?» አይልም፤ ታክሲው ዳር ይይዛል።

እኔ ግን አውቃለሁ ፎቶው የት እንደገባ፤
ሰርቨሩን ቀየርን መስከረም ሲጠባ፤
ማኅደሩ ሁሉ አዲስ ስም ወጣለት፣
የድሮውን በር ግን ማንም ሳያስብለት
ዘጋነው። «ማን» አልን፣ «ማን ቀድቶት ይኖራል?»
ቢክ ያለው ሽማግሌ ማን አስቦ ያውቃል?

እማዋይሽ ከካታሎግ ክፍል ብቅ አለች፤
ወንበር ሳብ አርጋላቸው ስክሪኑን አዞረች።
«አባባ፣ ይህ ከላይ የሚታየው ረዥሙ፣
እሱ ነው ተከራዩ፤ አይጸናም በስሙ።
ይቺን ነው መቅዳት፣ ከፎቶው ሥር ያለች፤
ዕቃው ቢዛወር እሷ መንገድ ታውቃለች።»

«እስከ መቼ?» አሉ።
ዝም አለች ለጥቂት።
«አዲሱን ሰፈር የሚነግራት ሰው እስካላት።»

አንገቴን ደፋሁ። እኔ ነኝ ያቺን መስመር
በስምንት ቁጥር ፊደል፣ በግራጫ፣ ጥግ ዳር
የወሸቅኋት፣ ገጹ ይመር ብዬ፣
የሳቸውን መነጽር ረስቼ፣ በኔው ዓይን ተማምኜ።

አቶ ይርዳቸው ቀዱ፣ ፊደል በፊደሉ፣
በዚያችው ወረቀት ጀርባ ላይ፣ ሳይቸኩሉ።
የፊቱን አልሰረዙም። «ይኑር» አሉ፣ «ይኑር፤
አባቴም የቆመ ሰዓት አይጥልም ነበር።»

ማታ፣ በሩ ሊዘጋ ሩብ ሰዓት ሲቀረው፣
ፊደሉን አሥራ ስድስት አደረግሁት፤ ጥቁር ነው፤
ከፎቶው ሥር ደረቱን ነፍቶ ተቀምጧል።
አለቃዬ ሰኞ «ይሄ ምንድን ነው?» ይለኛል።

ገጹ አላማረም።
እንዲያው ይሁን።