የሚበላ

ነሐሴ ነው፤ ሻርጃ ቀትር ላይ ጭር ብላ፣
ከግንቡ ጋር አብሮ የተሰፋ ጥላ።
በሻጂ ሞተር ላይ ካርቶን ታቅፌያለሁ፤
ውስጡ ሃምሳ ፌንጣ፣ ሲዘሉ እሰማለሁ።
ኮምቦልቻ ጣራ ላይ ካፊያ እንደ ጀመረ፣
ዝናብ በሌለበት ካርቶን ውስጥ ነበረ።

ቪላው ዝግ ነው። ሰዎቹ ለንደን ናቸው፣ ከሙቀቱ ሽሽት፤
ቁልፉን ለሱቃችን ሰጡ፣ በሦስት ቀን አንዴ፣ ለአንዲት እስስት።
ባዶ ቤት ውስጥ ኤሲው ቀን ከሌት ይነፋል፤
ለእሷ ሲባል ሶፋው በቅዝቃዜ ያንቀላፋል።
ሻጂ ውጭ ይቀራል፣ ሲጋራውን ሊያጨስ፤
እኔ ጫማ አወልቃለሁ፣ ባዶውን ቤት እንዳልቀሰቅስ።

እኛ አገር «እስስት ሰው» ሲባል ከዳተኛ ማለት ነው፤
ይቺን ግን ሦስት ወር ሳውቃት መልኳ ያው አረንጓዴ ነው።
ስትቆጣ ብቻ ትጠቁራለች፤
ይሄ ደግሞ የማን አመል ያልሆነው?

ትናንት ማታ፣ ሱቅ ዘግተን፣ ካሮት ከተፍኩላቸው፤
ያልጠገበ ፌንጣ ባዶ ቅርፊት ነው ይላል ሻጂ፣
የእሷ ምሳ የእነሱ ሆድ ነው፣ አጥግባቸው።
በሉ። እንዴት እንደበሉ!
ዛሬ ነጩን ዱቄት፣ ካልሲየሙን፣ ነሰነስኩባቸው፤
ወፍጮ ቤት እንደዋለ ሰው ነጣ ጢማቸው፣ ክንፋቸው።

ካርቶኑ ላይ አንድ ቃል ጽፌያለሁ፣ በአማርኛ፣ ሻጂ የማያነበው፦
«የሚበላ»።
ላልቶ ሲነበብ ካሮቱን የሚጨርሰው ነው፤
ጠብቆ ሲነበብ ግን... አንተው ጨርሰው።
ፊደሉ አንድ ነው።
ልዩነቱ ከንፈር ገጥሞ ትንሽ ሲቆይ ነው።

አንዱን በጣቴ ይዤ ቅርንጫፏ ሥር አስጠጋሁ፤
አንድ ዓይኗ እኔን፣ አንዱ እሱን፤ ትንፋሼን ዋጥሁ።
ከዚያ ሁለቱም ዓይኖች ወደ አንድ ነገር ዞሩ
(ወደኔ አይደለም፣ ተመስገን)፤
ምላሷ መጣ፣ ሄደ፤ ጣቶቼ ባዷቸውን ቀሩ።

ስልኬ ጠራ። ሻምሳ ናት፣ የእስስቷ ጌታ፣ ዓሥራ ሁለት ዓመቷ።
«ይመር፣ በላች?»
«በላች፣ ሰባት።»
ዝም አለች። ከኋላዋ የለንደን ዝናብ ይሰማል፣ የእናቷም ሳቅ።
«ፌንጦቹ ግን... ይጮኻሉ እንዴ?»
«ስትበላቸው? አይጮኹም» አልኳት።
እንዴት ብዬ እንደማውቅ አልጠየቀችኝም፤ እኔም ራሴን አልጠይቅ።

የቀሩትን ስቆጥር አንድ ጎደለ።
ምንጣፉን ገለጥኩ፣ ሶፋውን ገፋሁ፤ የለም፣ የለም፣ የለም።
ልወጣ ስል ከፍሪጁ ጀርባ አንድ ድምፅ፣ እንደ ዝገት ማጠፊያ፣
ክርርር አለ፤ መልሶም ክርርር አለ።
ለጠፋ ፌንጣ ከደሞዝ ይቆረጣል፤
ማግኘት ነበረብኝ።
የካሮት ቁራጭ ከፍሪጁ ሥር ሰድጄ በሩን ቆለፍኩ።
በሦስተኛው ቀን ካሮቱ የለም።
ሌላ አኖርኩ።

መስከረም ላይ ተመለሱ። አባትዬው በሌሊት ደወለ፦
«ቤቴ ውስጥ የሚጮኽ ነገር አለ፣ ሳምንት ሙሉ እንቅልፍ የለ!
ከእናንተ ሱቅ ነው የመጣው፤ ናና አውጣልኝ» አለ።
ሄድኩ። በግንባሬ ተንበረከክሁ፣ ባትሪ ይዤ፤
ድምፁ ቀጥ አለ።
አቧራ፣ የወይራ ፍሬ፣ አንድ የጠፋ የጆሮ ጉትቻ፣
ከዚያ ወዲያ ሁለት ቀጭን ጢም፣
ብርሃኑን የሚዳስስ፣ ቀስ እያለ።

«አገኘኸው?»
«የለም» አልኩ። «ወጥቷል፣ በመስኮት።»
ሁላችንም መስኮቱን አየን፤
ቤቱ ከተሠራ ጀምሮ ያልተከፈተውን መስኮት።
ሻምሳ ደረጃው ላይ ቆማለች፣ በሌሊት ልብሷ፤
አንድ እጇን ከኋላዋ ደብቃ፣
ከጣቶቿ መሐል ትንሽ ካሮት።