የፊት ቀኝ እግር

ኮምቦልቻ ፋብሪካ፣ ከሽመናው ክፍል፣
ሰዓት ይዤ ኖርኩኝ፣ የሰው ላብ በደቂቃ ሳካፍል።
ጡረታ ስወጣ፣ ሰዓቱን ሰረቅሁት፤
ቦሩ ሜዳ፣ በጥር፣ ለፈረስ አዋልሁት።

ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት፣ ባለ መስመር ደብተር፤
ቀዩ ቀለም ለድል፣ ሰማያዊው ለአፈር።
ማን እንደ ወለደው፣ ማን እንደ ገራው፣
ዳገቱን እንደሚወድ፣ ቁልቁለት ሲያስፈራው፣
ጭቃ ላይ ስንት ሰከንድ፣ ደረቅ ላይ ስንት፣
ገብስ ሳይቀምስ ሲያድር፣ በባዶ አንጀት።

ከገራዶ ማዶ፣ ከኩታበር መንገድ፣
ጋሪ ነጂ፣ ነጋዴ፣ የወፍጮ ቤት ዘመድ
ይመጡ ነበር ወደኔ፣ «ማን ይቀድማል?» ብለው።
ደብተሬን እገልጣለሁ፤ «ይሄ ነው»፣ «ያ ነው»።
ከዐሥር ሰባቱን አልስትም። ሦስቱን ሰማይ ይውሰደው።

የእብሬን ዳማ ግን፣ ዐውቀው ነበር እኔ
እንደ ጎረቤቴ፣ እንደ ግራ ጎኔ።
ገጽ ሠላሳ አንድ፦ «ደረቱ ሰፊ ነው። ልቡ አይሰንፍም።
የፊት ቀኝ እግሩን ግን ራሱም አያምንም።
ድንጋያማው መታጠፊያ ላይ ራሱን ይነቀንቃል፤
ሦስተኛ ይገባል እንጂ አይቀድምም።»

«ጋሽ ሰዓት» አለኝ ሽፋው፣ ለጎማ ያጠራቀመውን
ሁለት ሺህ ብር ቆጥሮ፤ «ንገረኝ የሚቀድመውን።»
«ግራጫው» አልኩት። «የሙሄ ግራጫ። ዳማው አይደርስም።»
የነገርኩት ደብተሬን ነው። ደብተሬ አይዋሽም።

ጨርቁ ወረደ። አቧራው እንደ ጥጥ ተባዘተ፤
ዳማው መታጠፊያው ላይ እንደ ክር ተጎተተ።
ራሱን አልነቀነቀም፤ ሕመሙን የት አደረሰ?
ሰዓቴን ተጫንኩት፤ በዘጠኝ ሰከንድ አነሰ።
ሕዝቡ ሲያጨበጭብ፣ እብሬ ጋቢ ሲለብስ፣
ሽፋው ምንም አላለኝም። ጫማውን ነበር ሲያብስ።

ማታ፣ ከድንኳኑ ጀርባ፣ ጨለማው ሲመጣ፣
ከጫማዬ ሥር፣ እንደ እንቁላል፣ ቀጭ የሚል ድምፅ ወጣ።
ሁለተኛው ብልቃጥ አልተሰበረም። ወደ ባትሪው አስጠጋሁት፤
እኔ ለወገቤ ጤና ጣቢያ የምወጋው ነው፤ ስሙን ዐወቅሁት።
ዳማው በሦስት እግሩ፣ በጨለማ ቆሞ፤
መርፌው ሲወጣ ከደሙ፣ ሕመሙ ገብቷል ደግሞ።

ለሽማግሌዎቹ ነገርኩ። «ማስረጃ?» አሉኝ። ብልቃጡን ሰጠሁ።
«ብልቃጥ አይሮጥም» አለ አንዱ። ሳቁ። እኔም ሳቅሁ።
እብሬ ቀስ ብሎ መጣ፦ «እኔን ብቻ ነው ያየህ?
የሙሄ ግራጫ አምና የሮጠው፣ ገብስ በልቶ መሰለህ?»

ያን ሌሊት አልተኛሁም። ደሴ፣ ቧንቧ ውሃ፣ ከቤቴ፣
ጦሳ ጉሙን ተከናንቦ፣ ደብተሩ ከፊቴ፣
ቀዩን ሁሉ ጠረጠርኩ፤ የቱ ገብስ ነው? የቱ መርፌ?
ሰባቱን ያስገኘልኝ ዕውቀቴ ነው? ወይስ አፌ?
የዛሬው ውሸት ብቻ ቢሆን፣ አንድ ገጽ በቀደድኩ፤
የትናንቱንም ነው የነካው፤ ወደ ኋላ ስመረዝ አደርኩ።

ከዚያ ወዲህ የሚወራረድ የፈረስ ዘር አይጠይቅም፤
«ዘንድሮ ማን ይወጋዋል?» ነው፤ ስለ ሌላው አይጨነቅም።

ፈረስ አፉ ሕመሙ ነው፤ ሌላ ምላስ የለው፤
«ተው» ሲል በዐንገቱ ነው፣ ቁልቁል ሲነቀንቀው።
እኛ ያን አፍ ሰፋነው፣ በቀጭን መርፌ፣ ያለ ክር፤
እኔ ደግሞ ዝምታውን ጻፍኩት፣ በቀይ ቀለም፣ በክብር።

ሽፋው ጎማውን ገዛ። በእኔ ጡረታ፣ በግማሽ።
ዳማውም ለጋሪ ተሸጠ። የገዛው? ሽፋው። በርካሽ።

አሁን ኮምቦልቻ፣ ከመናኸሪያው እስከ ፋብሪካው በር፣
ከጎኑ በእግሬ እሄዳለሁ፣ ሰዓቴን ይዤ፣ ሳልናገር።
ጭነቱ ባዶ ጆንያ ነው።
ሽፋው አለንጋ አያነሳም፤ እሱም እንደኔ ያዳምጣል፤
ቦርከና ድልድይ ላይ ስንደርስ፣ ዳማው ራሱን ይነቀንቃል።
እንቆማለን። ውሃው ያልፋል።
ገጽ ሠላሳ አንድ፣ ከታች፣ በእርሳስ፣ እንዲህ ይላል፦
«ሃያ ስድስት ደቂቃ። ያነክሳል።»