ሁለተኛው መነጽር

ኮዬ ፈጬ ጫፍ ላይ፣ አስፋልቱ ሲያበቃ፣
የስንዱ ብየዳ፣ መብራት ሲመጣ ነው ከእንቅልፉ የሚነቃ።
ሌሊት ዘጠኝ ቢሆን፣ ጎረቤት ቢቆጣ፣
ብረት ሰዓት አያውቅም፣ እሳቱ ከመጣ።
ቁልፍ ተረክቦ በር ያጣ ነዋሪ
ቀብድ ጥሎ ይሄዳል፤ «ለእሁድ፣ እህቴ፣ እባክሽ ሞክሪ!»

መነጽሩ አንድ ነው፤ እሷ ስትበይድ፣ ገመቹ በጭፍን ብረት ይዞ ያድራል፤
ሲነጋ፣ በሚቆጠቁጠው ዓይኑ ላይ፣ ጥሬ ድንች ያስራል።

ትናንት በሬዲዮ ሰውዬው ሲናገር፣
«በመቶ ይሄን ያህል» አለ፣ «አደገ አገር።»
ገመቹ ዓይኑን እያሸ፣ «እኛስ?» አለ። ዝም አለች።
ቅዳሜ ዕቁብ ደረሳት፤ መርካቶ ዋለች።
ለኪራይ፣ ለግብር የሚሆነው ወጥቶ፣
ከፌስታሉ ሥር ብቅ አለ፣ ሌላ ጥቁር መነጽር።
«ከአንድ ሁለት ሆነ፤ አስላው» አለችው፣ «በመቶ፣ መቶ።»